አንድ ስንዝር ጭቃ

አናኮስቲያ በዋሺንግተን ምሥራቃዊ ክፍል አልፎ ፖቶማክ ውስጥ የሚገባ አጭር ወንዝ ነው። በዳርቻው ኬኒልወርዝ የሚባል ረግረግ አለ፤ ረግረጉ ላይ ደግሞ ከእንጨት የተሠራ የእግረኛ መንገድ። ይህ ምልልስ በነሐሴ መጨረሻ፣ ውሃው በጎደለበት ሰዓት፣ በዚያ መንገድ ላይ የተደረገ ነው። አጎት በጣና ሐይቅ ዳር ያለችው የደምቢያ ተወላጅ ናቸው፤ ዋሺንግተን ሱቅ ውስጥ ብዙ ዘመን ሠርተዋል። የእህታቸው ልጅ የዕፅዋት ሥነ ምህዳር ተምራ እዚሁ ወንዝ ላይ ትሠራለች።

አጎት፦ ውሃው የት ሄደ? ባለፈው ከልጆቹ ጋር ስንመጣ እዚህ እንጨት ሥር ድረስ ሞልቶ ነበር። ዛሬ ጭቃው አግጥጦ ይታያል። ዝናቡ እንደሆነ አልቀረ፤ ትናንት ማታም ሲወርድ ነበር።

የእህት ልጅ፦ ከዝናቡ አይደለም ጋሼ፣ ከባሕሩ ነው። ከዚህ ተነሥተው በፖቶማክ ቁልቁል ቢወርዱ ቼሳፒክ ወሽመጥ ለመድረስ ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛሉ። ውቅያኖሱ ከዚያም ወዲያ ነው። ግን በጨረቃና በፀሐይ ስበት ውቅያኖሱ ሲሞላ ወሽመጡን ይገፋል፣ ወሽመጡ ፖቶማክን፣ ፖቶማክ ደግሞ ይሄንን። በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ልዩነቱ እዚህ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ስለሚዘገይ ዛሬ በመጡበት ሰዓት በሳምንቱ ቢመጡ ሞልቶ ሊያገኙት ይችላሉ።

አጎት፦ እንግዲያው ጨው አለዋ?

የእህት ልጅ፦ የለውም። ጨዋማው ውሃ እዚህ ሳይደርስ ከታች ይቀራል፤ የሚደርሰን ግፊቱ ብቻ ነው። በዚህም ዕድለኞች ነን፤ ጨው የሚችል ተክል ጥቂት ነው። ባሕሩ አጠገብ ባለው ረግረግ አንድ ሁለት የሣር ዓይነት ሜዳውን ሁሉ ይዞት ያያሉ። እዚህ ግን ከቆምንበት ሳንነቃነቅ ብዙ ዓይነት መቁጠር እንችላለን።

አጎት፦ ቆይ እስቲ። ወንዝ ወደ ኋላ ይሄዳል እያልሽኝ ነው? በእኛ አገር ወንዝ የወሰደውን አይመልስም።

የእህት ልጅ፦ ይሄኛው ይመልሳል። ሙላቱ ሲጀምር ውሃው ቆም ይልና ወደ ላይ፣ ወደ ብላደንስበርግ ከተማ ይዞራል። ዝናብ በማይኖርበት ወቅት ከላይ የተነሣ ውሃ ፖቶማክ እስኪገባ ሳምንታት ይፈጅበታል፤ ትንሽ ይወርዳል፣ ትንሽ ይመለሳል። ላስቲክ የጣለ ሰው ላስቲኩ ተጠራርጎ ባሕር የገባ ይመስለዋል፤ እዚሁ እየተመላለሰ ነው። ደለሉም እዚሁ፣ ከመኪና መንገድ ታጥቦ የሚመጣው ዘይትም እዚሁ። የወንዙ መከራ ብዙው ከዚህ የመጣ ነው። ረግረጉም ቢሆን የተሠራው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውሃ ፈጥኖ በሚያልፍበት ቦታ ደለል አይቀመጥም፣ ደለል ከሌለ ደግሞ ሥር የሚይዝበት የለም።

አጎት፦ የላስቲኩን ነገር ለእኔ ተዪው። በፈረንጆቹ 2010 መጀመሪያ ለአንድ ላስቲክ 5 ሳንቲም ይከፈል የሚለው ሕግ ሥራ ላይ ሲውል ካሸር ነበርኩ። ስንቱ ሰደበኝ መሰለሽ! ገንዘቡ ለአናኮስቲያ ወንዝ ነው ብዬ ባስረዳ የሚሰማኝ የለም። እኔም ወንዙን አይቼው አላውቅም ነበር፤ ከሱቁ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው።

የእህት ልጅ፦ ከአምስቷ ሳንቲም አንዷ ለሱቁ ትቀራለች፣ የቀረው ወደ ወንዙ ፈንድ ይገባል። ገባሮቹ ላይ የተዘረጉት የቆሻሻ ማጥመጃዎችና የተማሪዎች የወንዝ ጉብኝት ከዚያ ገንዘብ ይደገፋሉ። እርስዎ በተሰደቡበት ገንዘብ ልጆች ጀልባ ላይ ወጥተው ወንዛቸውን አይተዋል።

አጎት፦ ይሁን፤ እንዲያ ከሆነስ አልቆጭም።

የእህት ልጅ፦ አሁን ወደ ጭቃው ይመልከቱ። ሜዳ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ከውሃው አፍ እስከነዚያ ዛፎች ድረስ ቀስ እያለ ከፍ ይላል። አንድ ስንዝር ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር ተክሉ ይለወጣል፤ ዝቅ ያለው በቀን ውስጥ ረጅም ሰዓት ሰጥሞ ይውላል፣ ከፍ ያለው ለአጭር ጊዜ። እዚህ ታች፣ መጨረሻ ላይ የሚገለጠው ቦታ ላይ፣ ቢጫ ክብ አበባ ያለው የውሃ አበባ ዘመድ አለ። ጭቃው ውስጥ አየር የለም፤ ማንኛውም የጓሮ ተክል እዚህ ቢተከል ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። ይሄ ግን የራሱ የአየር ቧንቧ አለው። ለጋ ቅጠሎቹን ፀሐይ ሲያሞቃቸው ውስጣቸው ያለው አየር ግፊቱ ይጨምራል፤ በአገዳው ይወርዳል፣ ጭቃ ውስጥ በተጋደመው ወፍራም ግንድ ያልፋል፣ በአሮጌዎቹ ቅጠሎች በኩል ይወጣል። ሲወጣም ከጭቃው የተጠራቀመውን ሚቴን ይዞ ነው።

አጎት፦ ያ ደግሞ ጎደሬ ነው። ቅጠሉን አየሁት።

የእህት ልጅ፦ ጎደሬ አይደለም፤ ግን አልተሳሳቱም፣ ከጎደሬ ቤተሰብ ነው። ሥሩም እንደዚያው ይከነክናል፤ ሳይበስል የቀመሰ ሰው ጉሮሮውን መርፌ የወጋው ያህል ነው የሚሰማው። በእርግጥም መርፌ ነው፣ በዓይን የማይታይ የካልሲየም ኦክሳሌት ስለት። አውሮፓውያን ሳይመጡ በፊት በዚህ ዳርቻ የኖሩት ናኮችታንኮች ናቸው፤ ጆን ስሚዝ በ1608 በጀልባ ሲመጣ ያገኛቸው። በዚህ አካባቢ የነበሩት ሕዝቦች ይሄንን ሥር ጉድጓድ ውስጥ ረጅም ጊዜ እየጠበሱ መርዙን አጥፍተው ይበሉት ነበር።

አጎት፦ ሐምራዊውስ? ያ ቀጥ ብሎ የቆመው አበባ።

የእህት ልጅ፦ ፒከረልዊድ ይባላል። ይሄን ስነግርዎ እንዳይቆጡኝ፤ የእምቦጭ ወንድም ነው።

አጎት፦ እምቦጭ! እና እዚህ መንግሥት አጥር አጥሮ ይንከባከበዋል? አንቺ ልጅ፣ የእኛ ሰዎች እኮ ጣናን የወረረውን እምቦጭ አንገታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉ ነው የኖሩት። አንዱ ዘመዳችን ጀልባው ተውጦበት ዓሣ ማስገር ትቷል። በነቀሉት ማግስት እንደገና በቅሎ ነው የሚያገኙት።

የእህት ልጅ፦ አውቃለሁ ጋሼ። ለዚህም ነው ላሳይዎ የፈለግሁት። ቅጠሉን ይዩት፣ ጠርዙ ተበልቷል። እዚህ ተወላጅ ስለሆነ የሚበላው ነፍሳት አለ፣ ዘሩን የሚለቅም ዳክዬ አለ፤ ከዚህ አበባ በቀር ሌላ የማትቀስም ንብ እንኳ አለች። ሥሩ ጭቃ ውስጥ ስለተተከለ መሀል ወንዝ ገብቶ አይንሳፈፍም። እምቦጭም በተወለደበት በደቡብ አሜሪካ የሚበሉት ጢንዚዛዎች አሉት። ጣና ላይ በ2011 ሲታይ ብቻውን ነበር የመጣው፣ በላተኞቹ አልተከተሉትም። ይሄ ምስኪን የሚመስለው ፒከረልዊድ ራሱ ደቡብ አፍሪካ ሲደርስ ወራሪ ተብሎ ታውጆበታል።

አጎት፦ በላተኛ ስለሌለው ብቻ ነው እንዲያ የሆነው?

የእህት ልጅ፦ ብቻ አይደለም። እምቦጭ የሚወፍረው ከእርሻ ታጥቦ በሚገባ አፈርና ማዳበሪያ ነው። ድሮ የጣናን ዳር ይዞት የነበረው ደንገልና ፊላ ያንን ያጣራ ነበር። ባሕር ሸሽ መሬቱ እስከ ውሃው አፍ ሲታረስ ማጣሪያው አብሮ ሄደ። ወራሪው የገባው እኮ በር ተከፍቶለት ነው። ይሄን የምለው ገበሬውን ለመክሰስ አይደለም፤ መሬት የጠበበው ሰው የሚያርሰውን ፍለጋ ይሄዳል። ግን ነቀላው ብቻውን የማያዛልቀው ለዚህ ነው።

አጎት፦ ዳሩን ያረሱት እነማን እንደሆኑ እኔም አውቃለሁ። የአባቴም እርሻ አለበት። (ጥቂት ዝም ብለው) እዚህ ወራሪ የለም?

የእህት ልጅ፦ ሞልቷል። ከአውሮፓ የመጣ የሸምበቆ ዘር ከፍ ያለውን ቦታ እየያዘ ሌላውን ሁሉ ያፍናል፤ እሱን ያለማቋረጥ መዋጋት ነው። በሌላ በኩል ሃይድሪላ የሚባል ውሃ ውስጥ የሚበቅል ተክል በ1982 ፖቶማክ ላይ ሲገኝ ሰው ሁሉ ደንግጦ ነበር። ከዚያ በፊት የወንዙ የውሃ ውስጥ ሣር በቆሻሻ ጠፍቶ፣ በ1972 አግነስ የተባለው አውሎ ነፋስ ባመጣው ደለል የተረፈው ተቀብሮ ነበር። የፍሳሽ ማጣሪያው ፎስፈረሱን መቀነስ ሲጀምር ውሃው ጠራ፤ ሃይድሪላው በቅሎ ደለሉን ያዘ፣ ዓሣና ዳክዬ ተመለሰ፣ ቆይቶም የአገሩ ሣር አብሮት በቀለ። ስለዚህ እኔ አንድን ተክል ከየት እንደመጣ ጠይቄ ብቻ አልፈርድበትም። ምን እያደረገ እንደሆነ አያለሁ።

አጎት፦ እምቦጭ የሚያደርገውን ግን አይተናል።

የእህት ልጅ፦ አይተናል። እሱ ላይ ክርክር የለኝም።

አጎት፦ ይሄ ረጅሙ ሣርስ? ከእኔ ቁመት በላይ ነው።

የእህት ልጅ፦ የዱር ሩዝ። እዚህ የምወደው ተክል ይሄ ነው። ጎንበስ ይበሉና ዛላውን ይያዙት፤ ላይኛው ክፍል ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ሴቴዎቹ አበቦች እነዚህ ናቸው። ከታች ተዘርግተው የተንጠለጠሉት ወንዴዎቹ ናቸው። ሴቴዎቹ ቀድመው ስለሚደርሱ አንዱ ተክል የራሱን ብናኝ ከመቀበሉ በፊት ከጎረቤቱ ይቀበላል። አሁን ፍሬው እየደረሰ ነው፤ ሲነኩት ረገፈ አይደል? ደርሶ ብዙ አይቆይም፣ ይረግፍና ጭቃው ውስጥ ይሰካል።

አጎት፦ ከፎገራው ሩዝ ጋር አንድ ነው?

የእህት ልጅ፦ የሩቅ ዘመድ ነው። የፎገራውን አድርቀው ጎተራ ያስቀምጡታል፤ የዚህ ዘር ከደረቀ ይሞታል። ክረምቱን እርጥብ ጭቃ ውስጥ፣ ብርዱን ጠጥቶ ማለፍ አለበት። የሚኖረው አንድ ዓመት ብቻ ነው፣ በየዓመቱ ከዘር ይነሣል። በፀደይ መጀመሪያ ቅጠሉ ውሃው ላይ የተኛ ክር ይመስላል፣ ከዚያ ይቆምና በበጋው ውስጥ እስከ 3 ሜትር ያድጋል። ሶራ የምትባል ትንሽ ወፍ ወደ ደቡብ ስትሰደድ እዚህ አርፋ በዚህ ፍሬ ትሰንቃለች። እና አንድ ዓመት ዘር ሳይሰጥ ከቀረ ለሚቀጥለው ዓመት የሚተርፈው ጥቂት ነው። ዝይዎቹ የጎዱት በዚህ በኩል ነው።

አጎት፦ ዝይ ደግሞ ምን አደረገ?

የእህት ልጅ፦ ወደ ታች ኪንግማን የሚባል ደሴት አለ። በ2000 አጠገቡ ያለውን ረግረግ መልሶ ለመሥራት ደለል ተሞልቶ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ችግኞች ተተከሉ። ዝይዎች ለጋ ለጋውን ጨረሱት። ደለሉም እየረጋ ሲሄድ ከታሰበው በላይ ዝቅ አለ። ስንዝር ያልኩዎ ነው፤ ያቺን ያህል ዝቅ ሲል ተክሉ ረጅም ሰዓት ይሰጥማል፣ ከዝይ የተረፈውም ደከመ። አብዛኛው ተመልሶ ባዶ ጭቃ ሆነ።

አጎት፦ ዝይ ግን መንገደኛ ወፍ አይደል? መጥቶ ይሄዳል።

የእህት ልጅ፦ እነዚህ አይሄዱም። የካናዳ ዝይ በተፈጥሮው ይሰደዳል። ድሮ አዳኞች በሕይወት ያሉ ዝይዎችን እያረቡ፣ የሚያልፈውን መንጋ እንዲጠሩላቸው ውሃ ላይ ያስሯቸው ነበር። በ1935 ያ ሲከለከል ብዙዎቹ ተለቀቁ። መንገዱን ያስተማራቸው ወላጅ የለም፤ ልጆቻቸውም ከተሞች ውስጥ ቀሩ። ሌሎችንም መንግሥት ራሱ እያራባ ለቋቸዋል። ለምለም የሣር ሜዳ አለ፣ ውሃ አለ፣ የሚያስፈራቸው የለም፤ ለምን ይሂዱ? አሁን ተክል ስንተክል ዙሪያውን በችካልና በመረብ እናጥራለን። ቁጥራቸውን የመቀነስ ዕቅድም አለ።

አጎት፦ መግደል ማለትሽ ነው።

የእህት ልጅ፦ አዎ፣ መግደልም አለበት።

አጎት፦ ይሄ አይዋጥልኝም። ሰው አስሮ አስቀራቸው፣ ሰው ሣር ዘራላቸው፣ ደግሞ በሉ ብሎ ሰው ይገድላቸዋል?

የእህት ልጅ፦ ለእኔም ቀላል አይደለም። ግን ሶራዋ ስትመጣ ባዶ ጭቃ ታገኛለች፤ እሷን ማንም ቆሞ ሲከራከርላት አልሰማሁም። ባናደርገውም መምረጣችን ነው፣ ብናደርገውም መምረጣችን ነው።

አጎት፦ እኔ አጥሩን እመርጣለሁ። ቢደክምም። ለመሆኑ ድሮ ዝይ ሳይኖር ይሄ ሁሉ ምን ነበር?

የእህት ልጅ፦ ወንዙ ዳርና ዳር ረግረግ ነበር፣ ወደ 1,000 ሄክታር። ከአሥር እጁ ከዘጠኙ በላይ ጠፍቷል። ጥፋቱን የጀመረው ትንባሆ ነው፤ ብላደንስበርግ በ1742 ስትመሠረት የባሕር መርከብ የሚደርስባት ወደብ ነበረች። ደኑ ተመንጥሮ ትንባሆ ሲዘራ አፈሩ ታጥቦ ወንዙን ሞላው፣ ወደቡም ሞተ። ከዚያ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች ጭቃውን ከመሀል እየዛቁ ረግረጉ ላይ ደፉት፤ በድንጋይ ግንብ አጥረው መናፈሻ አደረጉት። ወባ ያመጣል ይባል ነበር። ይሄ የቆምንበት የተረፈው በአንዲት ሴት ሙግት ጭምር ነው። ዋልተር ሾው የሚባል፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ቀኝ እጁን ያጣ ሰው፣ እዚህ ኩሬ ቆፍሮ የውሃ አበባ ያለማ ነበር። ልጁ ሄለን ፋውለር ኩሬዎቹ እንዳይደፈኑ ታገለች፤ በ1938 መንግሥት በ15,000 ዶላር ገዝቶ አትክልት ሥፍራ አደረገው።

አጎት፦ ያ ወዲያ የሚታየው ጉብታስ?

የእህት ልጅ፦ የከተማው ቆሻሻ ነው። ከ1942 ጀምሮ እስከ 1970 እዚያ ይደፋ ነበር፣ ብዙውን ጊዜም ይቃጠል ነበር። በአካባቢው የሚኖረው ጥቁሩ ሕዝብ ጭሱን ሲተነፍስ ኖረ። በ1968 አንድ የሰባት ዓመት ልጅ እሳቱ ውስጥ ገብቶ ሞተ፤ ማቃጠሉ የቆመው ከዚያ በኋላ ነው።

አጎት፦ ምነው ፈጣሪዬ! ሰባት ዓመት።

የእህት ልጅ፦ ረግረጉ የተመለሰው በ1993 ነው። የመለሱትም እነዚያው የሠራዊቱ መሐንዲሶች ናቸው፤ ከወንዙ የዛቁትን ደለል በልኩ ደልድለው እዚህ አፈሰሱት። አሁን የሚያዩት አብዛኛው ከዚያ ወዲህ የበቀለ ነው። ውሃውም እየተሻሻለ ነው። ዝናብ በዘነበ ቁጥር የመጸዳጃ ፍሳሹ ከዝናቡ ጋር ተቀላቅሎ ወንዙ ውስጥ ይገባ ነበር፤ አሁን ሰባት ሜትር ስፋት ያለው ዋሻ ከመሬት በታች ተቆፍሮለታል። የመጀመሪያው ክፍል በ2018 ተከፈተ፣ የመጨረሻው በ2023። ሥር የሰደደው መርዝ ግን ጭቃው ውስጥ አለ፤ ከዚህ ዓሣ አጥምደው የሚበሉ ካሉ እባክዎ የከተማውን ማስጠንቀቂያ ይንገሩልኝ።

አጎት፦ እነግራለሁ። እንግዲህ መልካም ነው፤ ረግረጉ ድኗል ማለት ነው።

የእህት ልጅ፦ እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ እዚህ ላይ ነው። ባለፉት መቶ ዓመታት ባሕሩ ዋሺንግተን ላይ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሏል። ከፊሉ ውቅያኖሱ በመሞቁና በረዶ በመቅለጡ፣ ከፊሉ መሬቱ ራሱ ቀስ በቀስ በመስመጡ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ማለት ከስንዝር በላይ ነው። የዱር ሩዙ የቆመበት ቦታ የቢጫው አበባ ቦታ ይሆናል፣ የቢጫው አበባ ቦታ ውሃ ይሆናል። ረግረግ ከዚህ የሚያመልጥበት ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ደለል እየያዘ አብሮ መነሣት ነው፤ ወደቡን የገደለው ደለል አሁን ለዚህ መድኃኒት ነው። ሁለተኛው ወደ ኋላ፣ ወደ ደረቁ መሬት መሸሽ ነው። ኋላው ግን ግንብ ነው።

አጎት፦ ስለዚህ ግንቡ ይፍረስ ትያለሽ።

የእህት ልጅ፦ ሁሉም አይደለም። ድልድይና መንገድ ያለበት ይቆይ። ግን ለብዙ ርዝመት ከግንቡ ጀርባ የሚታጨድ ሣር ብቻ ነው ያለው፤ ዝይዎቹንም የሚቀልባቸው እሱ ነው። ያ ቢፈርስና መሬቱ ተዳፋት ቢሆን...

አጎት፦ ቆይ፣ ቆይ። ሣር ብቻ አትበዪው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ልጆቹን ይዞ የሚመጣበት፣ ኳስ የሚጫወትበት፣ ልደት የሚያከብርበት ሜዳ ነው። እነዚህ ሰዎች ስንት ዘመን ቆሻሻ ሲቃጠልባቸው ኖሩ፤ አሁን ሜዳ ሲያገኙ ደግሞ ለወፍ ልቀቁ ልትያቸው ነው?

የእህት ልጅ፦ ልክ ነዎት። በዚህ ነገር የእኛ ሙያ ሰዎች ብዙ ጊዜ ስፋትና ከፍታ እንለካለን እንጂ ማን ሜዳው ላይ እንደሚቀመጥ አንጠይቅም። እኔ የምለው ሜዳው ሁሉ ይወሰድ አይደለም፤ ከወንዙ ዳር ያለው ጠባብ ክፍል ብቻ፣ ግንቡ ተሰነጣጥቆ ራሱ እየወደቀ ያለበት ቦታ። መጠገኑም ገንዘብ ይፈጃል። የኳሱ ሜዳ ከዚያ ወደ ውስጥ ነው።

አጎት፦ ይሄንን የሚወስነው ማነው?

የእህት ልጅ፦ መሬቱ የብሔራዊ ፓርክ ነው። ዕቅድ ሲወጣ ለሕዝብ ይቀርባል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ ሰው አስተያየቱን በጽሑፍም በቃልም ይሰጣል። የሚመጡት ግን በአብዛኛው እንደ እኔ ዓይነቶቹ ናቸው።

አጎት፦ የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ ንገሪኝ። ሱቅ ውስጥ የማውቃቸው የሰፈሩ ሰዎች አሉ፣ ይዣቸው እመጣለሁ። እዚያ ስደርስ ግን ከአንቺ ወገን ሆኜ እናገራለሁ ብለሽ እንዳትጠብቂ።

የእህት ልጅ፦ አልጠብቅም። ስለ ደምቢያው ዳር ግን ይንገሯቸው።

አጎት፦ እሱን እነግራቸዋለሁ። የአባቴንም እርሻ ጨምሬ።